አንቱታን የተማረው የአቶ ወልደተንሣኤ ወፍጮ

ለጎረቤላ ከተማና ለዙሪያዋ ሕዝብ በሙሉ!

ከዛሬ ጀምሮ በአቶ ወልደተንሣኤ ወፍጮ ቤት ተራ የሚጠራው ድምፅ፣ ማንኛውንም አስፈጪ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ካህን ይሁን ምእመን፣ ገብስ ያመጣ ይሁን ስንዴ፣ «እርስዎ» ብሎ የሚጠራ መሆኑን በታላቅ ደስታና በፍጹም ትሕትና እናስታውቃለን። እስካሁን ለተባለው «አንተ» ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ይህ ማስታወቂያ በመሪጌታ ገብረአብ የቁም ጽሕፈት በካርቶን ላይ ተጽፎ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተቸንክሯል። ማኅተም ስላልተገኘ ዱቄት የነካው የባለቤቱ አውራ ጣት ከግርጌው አርፎበታል። አንባቢ «ይህም ነገር ሆኖ ይታወጃል?» ሳይል አይቀርም። እኔም ባላይ ኖሮ እንዲሁ ባልኩ ነበር። ዳሩ ግን ሰው አንዳንዴ ከ«ህ» ወደ «ዎ» ለመሻገር ተራራ የመውጣት ያህል እንደሚደክም በዓይኔ ስላየሁ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ልናገር።

ወደ ጎረቤላ የሄድኩት ሥልጠና ልሰጥ ነበር። ርዕሱ «ለውጥን መምራት» ይባላል። ከደብረ ብርሃን አንድ ፍላሽ ሙሉ ስላይድ ይዤ፣ መንገድ ላይ ጎማ ለውጬ ብደርስ አዳራሹ ተቆልፏል። ጥበቃው በመስኮት ብቅ ብሎ ሥልጠናው ወደፊት ወደሚገለጽ ቀን መዛወሩን ነገረኝ። በዚያ ቀን ከተማው ውስጥ የተለወጠው ነገር ቀኑ ብቻ ነው ብዬ ልሄድ ስል ጉሙ ከአሊዩ አምባ በኩል ሽቅብ ተነሥቶ መንገዱን ዋጠው። ሾፌሩም «ይህ ሳይገለጥ አልነዳም» ብሎ መኪናው ውስጥ ተኛ። ብርዱ ጣቴን ሲቆረጥመኝ የወፍጮ ድምፅ ሰማሁና ሙቀቱን ፍለጋ ገባሁ።

አስፈጪዎች በየጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። በጥጉ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ ዱቄት እንዳይገባው በላስቲክ የተጀቦነ አንድ ላፕቶፕ ተቀምጧል። ከበላዩ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጉንፋን እንደያዘው ሰው አፍኖት፦

«ባዩሽ! ተራህ ደርሷል!» አለ።

አንዲት ጎልማሳ ሴት ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። «ስንት ልጅ ወልጄ ይኸው ወንድ ሆኜ ቀረሁ!» አሉ ወደ ድምፅ ማጉያው አንጋጠው።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ከቅንድባቸው እስከ ጫማቸው ዱቄት የለበሱት ባለወፍጮው አቶ ወልደተንሣኤ ሲሆኑ፣ ሌላው በመቋሚያቸው ተደግፈው ተራ የሚጠብቁት መሪጌታ ገብረአብ ናቸው።

«ባለፈው እኔንም ‹መሪጌታ ገብረአብ፣ ተራህ› ብሎኛል» አሉ መሪጌታ። «መሪጌታ ካለ በኋላ ተራህ! እጄን ስሞ በጥፊ እንደ መምታት ነው።»

እትዬ ባዩሽን ጆንያ ያጋዘቻቸው ወጣት ሴት በዚህ ጊዜ ቀና አለች። ስሟ ማስተዋል ይባላል፤ የእትዬ ባዩሽ የእህት ልጅ ናት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር አጥንታ፣ እዚያው ከተማ ፕሮግራም በመጻፍ የምትተዳደር፣ አክስቷን ልትጠይቅ የመጣች ልጅ ናት።

«እሱኮ ሰው ንቆ አይደለም» አለች። «የጻፈለት ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ስለጻፈለት ነው። ጋሼ ወልደተንሣኤ፣ ይፍቀዱልኝና አሁኑኑ ላስተካክልልዎ።»

«አይነካም» አሉ አቶ ወልደተንሣኤ፤ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም።

«ትንሽ ነገር ናት እኮ።»

«ትንሽም ብትሆን አትነካም።»

እትዬ ባዩሽ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ወፍጮው ስለሚጮህ ሹክሹክታቸው ራሱ ጩኸት ነበር። «እንግዳ ስለሆንክ ነው፤ አትፍረድባቸው። ይህን የሚጣራውን ነገር የሠራው ልጃቸው ያብስራ ነው። አንድ ልጃቸው። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ እስኪያገኝ እዚህ አብሯቸው ነበር። ተራ እየተሻማን ስንጣላ አይቶ ይህን አበጀልን። ከዚያማ ሁሉንም ላሻሽል አለ፤ ሞተሩን፣ ድንጋዩን፣ በሩን ሳይቀር። አባት እምቢ። አንድ ጠዋት ተጣሉና ‹ውጣ!› አሉት። ወጣ። ስልኩንም ለወጠ። አዲስ አበባ ነው የሚል አለ፣ ሐዋሳ ነው የሚል አለ። እሳቸው አይጠይቁም፤ እኛም ደፍረን አንነግራቸውም።»

«ታዲያ ኮምፒውተሩ ለምን አይነካም?»

«እየው፣ ከላይ።»

አየሁት። በስክሪኑ አናት ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ያብስራ ገብቷል» ይላል። ልጁ በዚያ ጠዋት፣ ከጠቡ በፊት፣ ፕሮግራሙን በራሱ የይለፍ ቃል ከፍቶት ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ አያውቅም። ከጠፋ ያ አረንጓዴ ጽሑፍ ይሄዳል፤ በምትኩ ባዶ ሳጥን ይመጣና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ቃሉን ደግሞ ከያብስራ በቀር የሚያውቅ የለም። ከአረንጓዴው ጽሑፍ አጠገብ ከፕሮግራሙ ለመሰናበት የሚነካ ቀይ ቁልፍ አለ። በላዩ የተጻፈው አይነበብም፤ አንድ ቁራጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ምን እንደሚል ግን እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ያየ ሁሉ ያውቃል። «ውጣ» ነው የሚለው።

ማውስ በፕላስተር እንደማይታገድ አውቃለሁ። አልተናገርኩም።

መብራት ሲጠፋ ወፍጮው ይቆማል፤ ላፕቶፑ ግን በሶላር ባትሪ ይሠራል። ክረምት ላይ ፀሐይ ጠፍታ ባትሪው ሲደክም አቶ ወልደተንሣኤ ላፕቶፑን እንደተከፈተ በጋቢ ጠቅልለው፣ ጄኔሬተር ወዳለበት ቤት ሁሉ እየተሸከሙ ይዞራሉ፤ ያየ ሰው ሁሉ «ማን ወለደ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጃቸው ከቤት ወጥቷል፤ ከፕሮግራሙ ግን አልወጣም። ይህችን ነው የሚጠብቁት።

ማስተዋልም ይህን ከአክስቷ ሰምታ ኖሯል፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ የልጅዎ ስም እንዳይጠፋብዎ ነው አይደል?»

«የምን ስም? እኔ የማውቀው ሕግ ነው» አሉ። «የሚሠራ ነገር ሳይቆም አይነካም። ይኸውልሽ!» ቀኝ እጃቸውን ዘረጉት። ጠቋሚ ጣታቸው ከአንጓው በላይ የለም። «ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘው ቺንጋ ነው የበላው። እየዞረ ላቃናው ብዬ።»

«እንግዲያው ያቁሙትና እንንካው።»

«የሚሠራ ነገር ደግሞ አይቆምም። ሁለተኛው ሕግ ነው። የቆመ ወፍጮ ሰው ያባርራል።»

የሁለቱን ሕጎች አቀማመጥ ተመልከቱልኝ። ካልቆመ አይነካም፤ አይቆምምም። አንደኛው ሲደክም ሁለተኛው ዘብ ይቆማል። እኔ ለውጥን ስለ መቋቋም አንድ ምዕራፍ ሙሉ ስላይድ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሌለው አጥር ግን አላገኘሁም። ዝም ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝና «አባቴ፣ ለውጥ ሂደት እንጂ ክስተት አይደለም» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ስለ ለውጥ አሠለጥናለሁ።»

«እስካሁን ምን ለወጥክ?»

«ዛሬ… ጎማ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ክርክሩ የማስተዋል ነው።

«ጋሼ፣ ሁለተኛውን ሕግዎን አልነካም» አለች። «እንዲያውም እኔም አምንበታለሁ፤ አይቁም። የምከራከረው በመጀመሪያው ነው። ለቺንጋ ልክ ነዎት። ቺንጋ እየዞረ የነካ ጣቱን ያጣል። ፕሮግራም ግን ሌላ ነው። በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈለት ነው፤ ኮድ እንለዋለን። ሁለተኛው አሁን በሐሳቡ የያዘው ነው፤ ማን እንደገባ፣ ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደሚጠብቅ። ሲጠፋ የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው። እኔ እሱን አልነካውም። የተጻፈለትን ብቻ፣ እሱ እየሠራ፣ አሮጌውን አንሥቼ አዲሱን እጭንለታለሁ።»

«እየተናገረ ምላሱን ልትለውጪ?»

«ትንፋሽ ሲወስድ።»

ከጆንያዎቹ መካከል ሳቅ ተሰማ። አቶ ወልደተንሣኤ አልሳቁም። «አጥፍተሽ ብታበሪውና ያንኑ አረንጓዴውን ጽሑፍ መልሰሽ ብትጽፊውስ ትችያለሽ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ፈተና መሆኑ ያስታውቅ ነበር።

«እችላለሁ። ግን አላደርገውም።»

«ለምን?»

«ያኔ የምጽፈው እኔ ነኛ። እሱ አልገባም።»

ሽማግሌው እጃቸው ላይ የነበረውን መጥረጊያ ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ደህና» አሉ። «ይህን ከለየሽ ሰው ነሽ። አስመስሎ መጻፍማ እኔም በከሰል ግድግዳው ላይ እጽፈው ነበር።»

ይህን ጊዜ መሪጌታ ገብረአብ መቋሚያቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ። «ቆዩ እስቲ፣ ቆዩ። ይህች ልጅ የምትለው ነገር በእኛም ቤት አለ። ማኅሌት ስንቆም ሌሊቱን ሙሉ ዜማው አይቋረጥም። አንዱ ሲደክመው ወጣ ይላል፤ ሌላው ይተካዋል። ተተኪው ‹ከመጀመሪያው እንጀምር› አይልም። ያኛው ካደረሰበት ነው የሚቀበለው።»

«ልክ እንደዚያ!» አለች ማስተዋል፤ ከደስታዋ የተነሣ ጆንያውን በጥፊ መታችውና ዱቄቱ ቦነነ።

«ታዲያ በቃል መካከል ዘሎ አይገባም» አሉ መሪጌታ። «ሐረጉ እስኪያልቅ ይታገሣል።»

«እኛም እንታገሣለን። አንዱ ተጠርቶ ሌላው እስኪጠራ ያለው ክፍተት ይበቃናል።»

«ተተኪው ዜማ ቢያበላሽስ?» አሉ አቶ ወልደተንሣኤ።

«በዓይኔ ጠቅሼ አስወጣዋለሁ» አሉ መሪጌታ፤ «የቀድሞውም ይመለሳል። እንደዚያ ያለ ሌሊት ስንቱን አሳልፈናል! ሕዝቡ ግን ዜማ ሲቆም አልሰማም።»

«አሮጌውን ኮድ ከጎን አስቀምጠዋለሁ» አለች ማስተዋል። «አዲሱ ካስቸገረ የቀድሞው ይመለሳል። ሁሉም ነገር እንዲህ ይለወጣል እያልኩዎት ግን አይደለም። የሰልፉን አያያዝ ራሱን ከመሠረቱ ላፍርሰው ብል ማቆም ግድ ይሆንብኛል፤ ያኔም ይተውት እልዎታለሁ። አሁን ግን የምንለውጠው አንድ ቃል ነው።»

ወፍጮው የእትዬ ባዩሽን ገብስ ጨርሶ ባዶውን መጮህ ሲጀምር አቶ ወልደተንሣኤ ሄደው አጠፉት። ቤቱ ድንገት ጸጥ ሲል ሁላችንም የምንናገረውን እየጮህን እንደነበር ታወቀን።

«በዓይን ብቻ እይው» አሉ። «እጅሽ እንዳይፈጥን።»

ማስተዋል ላስቲኩን ገልጣ ያብስራ የጻፈውን ማንበብ ጀመረች። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አንዴ ፈገግ አለች፤ አንዴ ቅንድቧን ሰበሰበች። ከዚያ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አንሥታ ዞረች።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ሲሠራው ሳይቆም እንዲለወጥ አድርጎ ነው የሠራው። ፕሮግራሙ ኮዱን ሁልጊዜ ይመለከታል፤ አዲስ ነገር ከተጻፈለት ሳይጠፋ ይቀበላል። ማንም ሳይወጣ።»

«እንዴት? እኔ አይቆምም ስለው፣ አይነካም ስለው…»

«እንደዚያ ስላሉት ይመስለኛል።»

ዱቄት የለበሰ ፊት መልኩ ሲለወጥ አይታይም። ዓይናቸው ግን ታየን። «እንግዲህ በሩን ሳይዘጋው ነው የሄደው?» አሉ።

ማስተዋል መዋሸት ብትፈልግ ጊዜው ያ ነበር። እውነቱን ተናገረች፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው አገር የሚያቀና። «ጋሼ፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁሉ እየሠራ እያለ እንዲቀለው ይህን ያደርጋል። አንዲት ቃል በለወጠ ቁጥር አጥፍቶ ማብራት አሰልቺ ነው። ሥራው ሲጠናቀቅ ግን ይዘጋዋል።»

«ይሄ ተዘግቷል?»

«አልተዘጋም።»

«እንግዲያው አልጨረሰም» አሉ አቶ ወልደተንሣኤ።

እትዬ ባዩሽ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ዱቄቱ ነው አሉ።

ማስተዋል መጀመሪያ የፕሮግራሙን ግልባጭ ከቦርሳዋ ባወጣችው በራሷ ላፕቶፕ ላይ ከፍታ አሳየቻቸው። በአረንጓዴ «ማስተዋል ገብቷል» ሲል እትዬ ባዩሽ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። «እሰይ! አንቺም ወንድ ሆንሽ፣ ብቻዬን አልቀረሁም!» ልጅቷ አንድ ቃል ለወጠች፤ አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ቃሉ ተለወጠ፤ አረንጓዴው ጽሑፍ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሽማግሌው እንድትደግመው ጠየቁ። ደገመችው። አሁንም እንድትደግመው ጠየቁ። ደገመችው።

«በይ ሞክሪ» አሉ በመጨረሻ። በዚያች ጣት በጎደላት እጃቸው ፕላስተሩን ከላይ ሸፍነው ቆሙ።

ማስተዋል ለወንድ «ተራህ»፣ ለሴት «ተራሽ» የሚል ጽፋ ቁልፉን ተጫነች። ትንፋሻችንን ዋጥነው። አረንጓዴው እንዳለ ነው። ድምፅ ማጉያው ቀጣዩን ተረኛ ሊጠራ ጉሮሮውን ጠረገ፦

«መሪጌታ ገብረአብ! ተራሽ ደርሷል!»

አህያ የሚጠብቁት ሰዎች ሳይቀሩ ከውጭ ሮጠው ገቡ። ያ ሁሉ ሳቅ የወፍጮ ቤቱን ቆርቆሮ እንዴት እንዳልነቀለው አላውቅም። መሪጌታ ቆመው ጥምጥማቸውን አቃኑ። «ከአንተ ወደ አንቺ!» አሉ። «ዕድገቱ ይህ ነው? ደግ ነው፤ ነገ ደግሞ አራስ ነሽ ተኚ ይበለኝ!»

«አቀያይሬው ነው! ይቅርታ አባቴ፣ አቀያይሬው ነው!» ማስተዋል ፊቷ ቀልቶ ጣቶቿ ይጣደፋሉ።

እኔ የማየው ግን አቶ ወልደተንሣኤን ነበር። እየሳቁ ነበር። ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ዱቄት ይረግፋል። እትዬ ባዩሽ በክርናቸው ጎሰሙኝ፤ «ልጁ ከሄደ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።» ሽማግሌው ሳቃቸውን ሲጨርሱ ወደ ስክሪኑ አናት አዩ። ከዚያ ለማስተዋል ቀስ ብለው፦

«ተሳሳትሽ» አሏት። «ግን ምንም አልጠፋም።»

እኔ በዚህች ቃል ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት ስሕተት የሚያስከፍል ስሕተት ነው። አንድ ጊዜ እጃቸው ተሳሳተ፤ ጣት ሄደ። አንድ ጊዜ አፋቸው ተሳሳተ፤ ልጅ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማናቸውንም ነገር ላለመንካት ቢምሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ተሳስቶ፣ ተስቆ፣ የተሳሳተው ወዲያው ተቃንቶ፣ የሚወዱት ነገር ካለበት ሳይነቃነቅ መቅረት የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን በዚያ ከሰዓት ገና ማየታቸው ነበር። ከክርክሩ ሁሉ ይልቅ ያሳመናቸው ይህ ስሕተት ይመስለኛል።

«ወንድና ሴት እያልሽ አትልፊ» አሉ መሪጌታ። «ሁሉንም እርስዎ በይውና እንረፍ።»

«ሕፃን ልጅ እህል ይዞ ቢመጣስ?» አሉ አቶ ወልደተንሣኤ። «እሱንም አንቱ?»

«ምን ይጎድልብዎታል?» አሉ እትዬ ባዩሽ። «አንድ ቀን እንኳ አንቱ ተብሎ ይግባ። አንቱ ያሉት ልጅ ምናልባት ጨዋ ይሆን ይሆናል፤ ያመናጨቁት ግን…» ብለው የሚሉትን ሲያውቁት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ጨርሺው» አሉ አቶ ወልደተንሣኤ።

«ጨርሻለሁ።»

ሽማግሌው ወደ ማስተዋል ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷም ጻፈች፣ ቁልፉን ተጫነች።

«መሪጌታ ገብረአብ! ተራዎ ደርሷል!»

መሪጌታ ለድምፅ ማጉያው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉት። ወፍጮውም ተነሣ፤ ወሬውም ተነሣ።

ማስተዋል ግን አልጨረሰችም። ድምፅ ማጉያው የሚናገራቸውን ቃላት ከኮዱ ለይታ ለብቻቸው፣ ማንም አማርኛ የሚያነብ ሰው በሚረዳው መንገድ አስቀመጠችና አቶ ወልደተንሣኤን ጠራቻቸው። «ከእንግዲህ እኔን አይጠብቁ። ቃሉን እዚህ ይለውጣሉ፤ ለአንድ ሰው ብቻ የተለየ ነገር እንዲል ከፈለጉ ስሙን እዚህ ይጽፉና ከፊቱ ቃሉን ይጽፋሉ። ከዚያ ይህችን ይጫናሉ። አለቀ።»

«ቺንጋ የበላው ጣቴኮ ለዚህ ነበር የሚያስፈልገኝ።»

«የቀሩት ይበቃሉ።»

እኔም ጉሙ ሲገለጥ ሾፌሩን ቀስቅሼ ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ስላይዶቼን በሐሳቤ ስሰርዝ መጣሁ። ከዚህ ነገር የምናገኘውን ጥቅም ግን ሳልናገር ባልፍ ይህን መጻፌ ከንቱ ነው። እኛ ነገር ለማሻሻል መጀመሪያ ማፍረስ፣ መዝጋት፣ ከዜሮ መነሣት ያስፈልጋል ብለን እናምናለን፤ ማፍረሱን ስለምንፈራ ማሻሻሉንም እንተዋለን፤ ወይም ለማሻሻሉ ስለምንጓጓ የያዝነውን ውድ ነገር አብረን እንደፋለን። ባል «እንዲህ ነኝ፤ ካልሆነ ልሂድ» ይላል። አለቃ መሥሪያ ቤቱን አፍርሶ እንደገና ሲሠራ ሠራተኛው የሚያውቀውን ሁሉ ይረሳል። ቤተሰብ የአንዱን ጠባይ ሊያርም ሰውየውን ያስወጣል። የሚሠራውን ሳያቆሙ፣ የሚያስታውሰውን ሳያስረሱ፣ ትንፋሽ በሚወስድበት ክፍተት አንዲት ቃል መለወጥ ይቻላል። ቃሏ ከተበላሸች ይሳቃል፤ ትታረማለች። በዚያ ወፍጮ ቤት ጠብ ቀነሰ፤ አስፈጪው ሲገባ ኮቱን መቆለፍ ጀመረ፤ እናቱ የላከችው ልጅ «ተራዎ» ሲባል ወደ ኋላው ዞሮ ማን እንደተጠራ ያያል፤ ራሱ መሆኑን ሲያውቅ ቀጥ ብሎ ይራመዳል። እኔም አሁን ሥልጠናዬን የምጀምረው በጥያቄ ነው፤ ከመለወጣችሁ በፊት እንዳይጠፋባችሁ የምትፈልጉት ምንድን ነው? እላለሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲጠየቅ ስልኩን መነካካት ያቆማል።

ሥልጠናው ከብዙ ጊዜ በኋላ ተደረገ። ከአዳራሹ ስወጣ ገና ከሰዓት ነበር፤ እግሬ ራሱ ወደ ወፍጮ ቤቱ ወሰደኝ። ማስታወቂያውን በሩ ላይ ያየሁት ያኔ ነው። ማስተዋልም አክስቷ ዘንድ መጥታ እዚያው ደርሳ ነበር። አቶ ወልደተንሣኤ ጤና ይስጥልኝ አሉን፤ ጎማዬ ደኅና መሆኑንም ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ አስፈጭቶ ወጣ። ድንጋዩ ዞሮ ዞሮ ቆመ። ሽማግሌው ዱቄቱን ጠራረጉ፣ ጆንያውን አጣጠፉ፤ ከዚያ ወደ ላፕቶፑ ሄደው አንድ ስም አስገቡ። አረንጓዴው እንዳለ ነው። ፕላስተሩም እንዳለ ነው።

ድምፅ ማጉያው ባዶውን ቤት ተጣራ፦

«ያብስራ! ተራህ አላለፈም!»

እኔ ማስተዋልን አየኋት። እሷም እኔን አየችኝ። «እኔ አልጻፍኩትም» አለች በሹክሹክታ።

አቶ ወልደተንሣኤ በር በሩን እያዩ ትንሽ ቆሙ። ከውጭ ጉም ብቻ ነው ያለው። ከዚያ የበሩን መወርወሪያ አነሡ፤ በሩን ግን አልዘጉትም፤ መወርወሪያውን መልሰው ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ጋሼ» አልኳቸው፤ «ቃሉን ማን ነው የጻፈው? ደግሞስ አገሩን ሁሉ አንቱ ብለው እሱን ብቻ ለምን አንተ?»

«አልናገርም» አሉ።